ቴርሞስታት፦ የሞተሩ ውሃ አባት

1. መንገዱና ሞተሩ

ሸዋ ሮቢት ቆላ ናት። በሮቢ ወንዝ መስኖ ሽንኩርት ይለማል። በዝናብ ማሽላና ማሾ ይዘራል። ሽንኩርት ግን ከተነቀለ በኋላ ብዙ ቀን አይጠብቅም። ቶሎ ገበያ መድረስ አለበት። ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ገበያ ለመሄድ ደግሞ ዳገቱን መውጣት ግድ ነው።

ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በጣርማ በር ያለው የመኪና መንገድ ዋሻ ጣሊያኖች አገራችንን በወረሩበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የተሠራ ነው። እንግዲህ ከሸዋ ሮቢት የተነሳ መኪና ደብረ ሲናን አልፎ እዚህ ዋሻ እስኪደርስ ድረስ ከ1,700 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። ጧት በቆላው ፀሐይ ይነሳል፤ ቀትር ሳይሆን በደጋው ብርድ ውስጥ ይገባል። ይህን ሁሉ የሚችለው አንድ ሞተር ነው።

እኛ የምናስተምርበት ቀበሌ ገበሬዎች ሽንኩርታቸውን የሚልኩት በአንድ አሮጌ ፒካፕ ነበር። አንድ ቀን እኛም ደብተርና ጠመኔ ልናመጣ አብረን ተሳፈርን። ጣርማ በር ሳንደርስ ሞተሩ ፈላ። እንፋሎቱ ከፊት እየወጣ መኪናው ቆመ።

ከመሀላችን አንዱ ዘሎ ወረደና የራዲያተሩን ክዳን ከፈተ። ሾፌሩ "ተው!" ሲል አልሰማም። የፈላው ውሃ ተፈናጥሮ እጁን እስከ ክርኑ አቃጠለው። ፊቱ የተረፈው ቀና ብሎ ስለ ነበረ ነው። ሽንኩርቱም በዚያ ቀን ገበያ አልደረሰም።

ይህ ትምህርት የመጣው ከዚያ ቀን ነው። ያን ቀን ያጠፋነውን፣ ከዚያም በኋላ ያጠፋነውን፣ በመጨረሻም የተማርነውን እንጽፋለን።

2. ሞተር ምን ያህል ሙቀት ይፈልጋል?

ሞተር ነዳጅ እያቃጠለ ስለሚሠራ ይሞቃል። ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ብረቱ ይጣመማል። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ ይጎብጣል፤ ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል። ሲብስም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ይነክሳል። ያን ጊዜ ጥገናው ከአንድ በሬ ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል።

ታዲያ ሞተር ቀዝቃዛ ቢሆን ይሻላል? አይሻልም። እስቲ ምጣድን እናስብ። ምጣዱ በጣም ከጋለ እንጀራው ያርራል። ምጣዱ ካልሰማ ደግሞ እንጀራው ዐይን አያወጣም፤ ይጣበቃል፤ ሊጡም በከንቱ ይቀራል። ሞተርም እንዲሁ ነው። ካልሞቀ ነዳጁ በደንብ አይቃጠልም። ያልተቃጠለው ነዳጅ የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል። ከዘይቱም ጋር ይደባለቃል፤ ዘይቱ ይቀጥናል። ዘይት ከቀጠነ ብረት ከብረት ጋር ይፋጫል። ሞተሩ ያለ ዕድሜው ያረጃል፤ ነዳጅም ይበላል።

ሙቀት የሚለካው በዲግሪ ነው። የጤነኛ ሰው ገላ 37 ዲግሪ ገደማ ነው። የብዙ መኪናዎች የሞተር ውሃ ሞተሩ በደንብ ሲሠራ ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ባለው መካከል ይሆናል። ሞተሩ ቆላም ይሁን ደጋ፣ በዚህ መካከል መቆየት ይፈልጋል።

3. ቴርሞስታት ምንድን ነው?

ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ነው። ውሃው በሞተሩ ውስጥ ያልፋል፤ ሙቀቱን ይወስዳል። ከዚያ በላይኛው የጎማ ቱቦ ወደ ራዲያተር ይሄዳል። በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ሲያልፍ ነፋስ ያበርደዋል። በታችኛው ቱቦ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ውሃውን የሚያዞረው የውሃ ፓምፑ ነው።

ጧት ሞተሩ ሲነሳ ግን ውሃው ቀዝቃዛ ነው። ያን ጊዜ ወደ ራዲያተር መሄድ የለበትም፤ ሄዶ ከበረደ ሞተሩ መቼ ይሞቃል? ስለዚህ በመንገዱ ላይ አንድ በር ተሠርቷል። ያ በር ቴርሞስታት ይባላል። መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ የብረት ዕቃ ነው።

በሩን የሚከፍተው ማን ነው? ሰም ነው። በቴርሞስታቱ መካከል ሰም የተሞላች ትንሽ የብረት ሙዳይ አለች። ሰም ሲቀልጥ ይስፋፋል። ሲስፋፋም በሩን ገፍቶ ይከፍታል። ውሃው ሲበርድ ሰሙ ይጠባል፤ ሞላው በሩን መልሶ ይዘጋዋል። መብራት የለው፣ ቁልፍ የለው፤ ሙቀቱ ራሱ ይከፍተዋል።

በቴርሞስታቱ ላይ ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል። 76፣ 82 ወይም 88 ሊል ይችላል። ቁጥሩ በሩ መከፈት የሚጀምርበት ዲግሪ ነው። እንግዲህ ቁጥር ማንበብ ለዚህም ይጠቅማል።

4. ያጠፋነው ጥፋት

በዚያ ቀን ሞተሩ ከበረደ በኋላ ሾፌሩ ቴርሞስታቱን አወጣው። ዝጎ ተዘግቶ ቀርቶ ነበር። ውሃው ወደ ራዲያተር መሄጃ አጥቶ ነው የፈላው። ሾፌሩ ያለ ቴርሞስታት ቀስ ብሎ ነድቶ ወደ ሸዋ ሮቢት መለሰን። እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለም። መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ይህ ቤት መድረሻ መላ ነው።

ጥፋቱ የመጣው በኋላ ነው። ሾፌሩ "አዲስ እንግዛለት" አለ። እኛ ግን አዋቂ ሆንን። "ይህ ዕቃ የተሠራው ለበረዶ አገር ነው፤ ቆላ ላይ ሞተር ማሞቂያ ምን ያደርግለታል?" አልን። ገበሬዎቹም የተማረ ሰው ነገር ብለው አመኑን። ፒካፑ ሁለት ወር ያለ ቴርሞስታት ሠራ።

ሾፌሩ ከእኛ ጋር ፊደል የቆጠረ ሰው ነው። መጻፍ ከቻለ ጀምሮ በየጉዞው የቀዳውን ናፍጣ በደብተር ይይዛል። አንድ ማታ ከትምህርት በኋላ ደብተሩን አመጣና ገለጠልን። መንገዱ ያው ነው፤ ጭነቱም ያው ነው። ናፍጣው ግን ጨምሯል። ጧት ከደብረ ብርሃን ሲነሳ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ እንደማይሞቅ፣ ዘይቱም እንደ ቀጠነ ነገረን።

በዚያ ማታ የመስኖው ውሃ አባት አብረውን ነበሩ። ውሃ አባት ማለት ቦዩን የሚከፍቱና የሚዘጉ፣ ለእያንዳንዱ ማሳ ውሃ በተራ የሚያከፋፍሉ ሰው ናቸው። ሲሰሙ ቆዩና ጠየቁን።

"ልጆቼ፣ ያ ያወጣችሁት ዕቃ ሥራው ምን ነበር?"

"አባባ፣ ውሃው ሲሞቅ ይከፍታል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘጋል" አልናቸው።

"እንግዲያ እሱም እንደ እኔ ውሃ አባት ነዋ!"

"አዎ፣ እንዲያ ነው።"

"እኔ ብታመም ሌላ ውሃ አባት ትመርጣላችሁ ወይስ ቦዩን ያለ ጠባቂ ትተዉታላችሁ?"

መልስ አልነበረንም። አዲስ ቴርሞስታት ተገዛ። ሁለት ወር በከንቱ የተቃጠለውን ናፍጣ የከፈሉት ግን ገበሬዎቹ ናቸው። ስለዚህ ይህን ስንጽፍ የራሳችንን ዕዳ እየከፈልን ነው።

ሌላም ነገር አለ። በአንዳንድ ሞተሮች ውሃው ሁለት ቦይ አለው፤ አንዱ ወደ ራዲያተር፣ ሌላው በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመለስ። ቴርሞስታቱ የራዲያተሩን ሲከፍት አቋራጩን ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከሌለ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከሙቁ ውሃ ከፊሉ ሳይበርድ ይመለሳል። በእንዲህ ያለው ሞተር ቴርሞስታት ማውጣት ዳገት ላይ እንዲያውም ያፈላዋል።

5. መበላሸቱን በምን እናውቃለን?

ቴርሞስታት ሁለት ዓይነት በሽታ አለው።

ሀ. ተዘግቶ መቅረት። ሞተሩ ፈጥኖ ይግላል፤ የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ይወጣል። የላይኛው ቱቦ ወይም ራዲያተሩ ግን ቀዝቃዛ ነው። ሞተሩ እየነደደ ራዲያተሩ ከቀዘቀዘ ውሃው አልተላለፈም ማለት ነው።

ለ. ተከፍቶ መቅረት። ሞተሩ ለረጅም ጊዜ አይሞቅም። ቀስቱ ከታች አይነሳም፤ በተለይ በደጋ። ነዳጅ ይጨምራል።

ነገር ግን ሞተር በፈላ ቁጥር ቴርሞስታትን መክሰስ አይገባም። አስቀድመን ሌላውን እንይ። ውሃው ጎድሏል? ቱቦው ያንጠባጥባል? ቬንቲላተሩን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል? የራዲያተሩን ፊት ገለባና አቧራ ደፍኖታል? የክዳኑ ጎማ ተበልቷል? እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ወደ ቴርሞስታቱ እንሄዳለን።

በመስኖ ሥራ ላይ ያሉ ብዙ ትናንሽ የፓምፕ ሞተሮች ቴርሞስታት የላቸውም። አንዳንዶቹ በነፋስ ይበርዳሉ። ሌሎቹ ከላያቸው ውሃ ይሞላባቸዋል፤ ውሃው እየተነነ ያበርዳቸዋል። ለእነዚህ የሚያስፈልገው ውሃቸው እንዳይጎድል መጠበቅ ነው።

6. አደጋ! ከመንካት በፊት

ሞተር ሲሞቅ የራዲያተር ክዳን አይከፈትም። ምክንያቱን እንወቀው።

ውሃ በሁሉም ቦታ በእኩል ሙቀት አይፈላም። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ጫና ስለሚቀንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል። ሸዋ ሮቢት ላይ 96 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ጣርማ በር ላይ ግን 90 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። የራዲያተሩ ክዳን ውሃውን አፍኖ ስለሚይዝ ውሃው 100 ዲግሪ ደርሶም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ በድንገት ሲከፈት ያ ሁሉ ውሃ ባንድ ጊዜ ይገነፍላል። ጓደኛችንን ያቃጠለው ይህ ነው። በደጋው ላይ ደግሞ አደጋው ይብሳል።

ስለዚህ ሞተሩን አጥፍተን ቢያንስ አንድ ሰዓት እንጠብቅ። የላይኛውን ቱቦ በእጃችን ጨብጠን ካላቃጠለን፣ ስንጨምቀውም ልል ከሆነ፣ ያን ጊዜ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዘን ቀስ ብለን እንከፍታለን።

ሰው ከተቃጠለ የተቃጠለውን ቦታ በንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ለ20 ደቂቃ ማቆየት ነው። ቅቤ፣ ዘይት ወይም ጭቃ አይቀባም። ውሃ የቋጠረውን አያፈርጡ። በንጹህ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

7. አቀያየሩ

የሚያስፈልጉን ዕቃዎች፦ የብሎን ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ሳፋ፣ ጨርቅ፣ አዲስ ቴርሞስታት፣ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ ለራዲያተሩ የሚሆን ውሃ ወይም ኩላንት። ወደ መለዋወጫ ሱቅ ስንሄድ አሮጌውን ይዘን እንሂድ። ቁጥሩም ስፋቱም አንድ መሆን አለበት።

አንደኛ፣ መኪናውን ሜዳ ላይ እናቁም። ፍሬን እንያዝ፤ ጎማው ሥር ድንጋይ እናድርግ። ሞተሩ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ።

ሁለተኛ፣ ሳፋውን ከሥር አድርገን ከራዲያተሩ ውሃ እንቀንስ። ሁሉም መውጣት የለበትም፤ ከቴርሞስታቱ በታች እስኪሆን ይበቃል። ኩላንት ያለበት ውሃ መርዝ ነው። ጣፋጭ ስለ ሆነ ፍየልም ውሻም ሕፃንም ሊጠጣው ይችላል። ሳፋውን እንክደን፤ መስኖ ቦይ ወይም ወንዝ ውስጥ ከቶ አንድፋው።

ሦስተኛ፣ የላይኛውን ቱቦ ከራዲያተሩ ጀምረን እስከ ሞተሩ በዓይናችን እንከተል። ሞተሩ ጋ የሚያልቅበት የብረት አንገት አለ። በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በአንዳንዶቹ ግን በታችኛው ቱቦ ጫፍ ይገኛል።

አራተኛ፣ የቱቦውን ማሰሪያ አላልተን ቱቦውን እናውጣ። ከዚያ የአንገቱን ብሎኖች እንፍታ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። የዛገ ብሎን በጉልበት አይፈታም፤ ይሰበራል። ዘይት ጠብ አድርገን ጥቂት እንጠብቀው።

አምስተኛ፣ አሮጌውን ከማውጣታችን በፊት እንዴት እንደ ተቀመጠ ልብ እንበል። ሞላውና የሰሙ ሙዳይ ወደ ሞተሩ ይመለከታሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ተገልብጦ ከገባ ሰሙ የሞተሩን ሙቀት በጊዜው አያገኝም፤ በሩ በጊዜው አይከፈትም፤ ሞተሩም ይፈላል።

ስድስተኛ፣ አሮጌውን ጓርኒሲዮን ፍቀን እናንሳ። የብረቱን ፊት ግን አንቧጭር። ፍርፋሪው ሞተሩ ውስጥ እንዳይገባ ቀዳዳውን በጨርቅ እንድፈን። ጨርቁን ማውጣት አንርሳ!

ሰባተኛ፣ አዲሱን በቦታው እናስቀምጥ። አንዳንዱ ቴርሞስታት ላይ የምትንቀጠቀጥ ትንሽ ሚስማር ያለባት ቀዳዳ አለች። የአየር መውጫ ናት፤ ወደ ላይ ትሁን።

ስምንተኛ፣ አዲሱን ጓርኒሲዮን አድርገን አንገቱን እንመልስ። ብሎኖቹን በየተራ ጥቂት ጥቂት እያደረግን እናጥብቅ። አንዱን ብቻ ጨርሰን ካጠበቅን አንገቱ ይሰነጠቃል። ከዚያ ቱቦውን አስገብተን ማሰሪያውን እናጥብቅ።

ዘጠነኛ፣ ራዲያተሩን ቀስ ብለን እንሙላ። ክዳኑን ሳንገጥም ሞተሩን እናስነሳ፤ ነዳጅ አንስጠው፤ ዝም ብሎ ይሥራ። ፊታችንን ከራዲያተሩ አፍ እናርቅ። አየር እየተንቦጫቦጨ ይወጣል። መጀመሪያ የላይኛው ቱቦ ቀዝቃዛ ነው። ጥቂት ቆይቶ በድንገት ይሞቃል። ያን ጊዜ ውሃ አባቱ በሩን ከፈተ ማለት ነው! ውሃው ዝቅ ካለ እንጨምር፤ ከዚያ ክዳኑን እንግጠም።

ዐሥረኛ፣ የሚያንጠባጥብ እንዳለ እንይ። በሜዳ መንገድ ጥቂት እንነዳና ቀስቱን እንመልከት። ሞተሩ ሲቀዝቅዝ ውሃውን ደግመን እንይ። ዳገት የምንወጣው ከዚህ በኋላ ነው።

የምንሞላው ውሃ ንጹህ ይሁን። የደፈረሰ የወንዝ ውሃ በራዲያተሩ ቱቦዎች ውስጥ ደለል ያስቀራል፤ ቦይ በደለል እንደሚደፈነው ይደፍነዋል።

8. በጣሳ መፈተን

አዲሱን ከመግጠማችን በፊት እንፈትነው። የምግብ ድስት አንጠቀም፤ አሮጌ ጣሳ ይበቃል። ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥለን ውሃ ውስጥ እናስገባ፤ የጣሳውን ሥር አይንካ። ከዚያ እሳት ላይ እናድርገው። ውሃው ሊፈላ ሲቃረብ በሩ ቀስ እያለ መከፈት አለበት። አውጥተን ስናበርደው ደግሞ ይዘጋል። ውሃው ፈልቶም የማይከፈት፣ በርዶም የማይዘጋ ከሆነ ተበላሽቷል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እንወቅ። ሸዋ ሮቢት ላይ ውሃ 96 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ 82 የሚለው ቴርሞስታት በደንብ ሲከፈት ይታያል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃዋ ከ90 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ ይፈላል። እዚያ 88 የሚለውን ብንፈትን በሩ ትንሽ ብቻ ይከፈታል። ጤነኛውን ተበላሽቷል ብለን እንዳንጥል።

9. ማጠቃለያ

ቴርሞስታት ትንሽ ዕቃ ናት። ሥራዋ ግን ሞተሩን ከመቃጠልም ከብርድም መጠበቅ ነው። ስትበላሽ በአዲስ ትተካለች እንጂ ተወርውራ አትቀርም። መንገድ ላይ ብናወጣት እንኳ ቤት ስንደርስ እንተካት። ክዳን ከመክፈታችን በፊት እንታገሥ። የምንቀዳውን ነዳጅ በደብተር እንያዝ፤ ሞተሩ መታመሙን አስቀድሞ የነገረን የሾፌሩ ደብተር ነው።

የቃላት ፍቺ

ራዲያተር፦ የሞተሩ ውሃ የሚበርድበት ዕቃ
ቴስታታ፦ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ራሱ
ጓርኒሲዮን፦ ሁለት ብረቶች ሲጋጠሙ ውሃ ወይም ዘይት እንዳያፈስሱ በመካከል የሚገባ
ቺንጋ፦ ቬንቲላተሩን የሚያዞር የጎማ ቀበቶ
ኩላንት፦ ከራዲያተር ውሃ ጋር የሚደባለቅ፣ ዝገትን የሚከላከል ፈሳሽ

ጥያቄዎች

1. ቴርሞስታትን የሚከፍተው ምንድን ነው? የሚዘጋውስ?
2. ሞተሩ ግሎ ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ቢሆን ምን ሆኗል ማለት ነው?
3. ውሃ ጣርማ በር ላይ ከሸዋ ሮቢት ይልቅ ቶሎ የሚፈላው ለምንድን ነው?
4. "ቆላ ላይ ቴርሞስታት አያስፈልግም" ለሚል ሰው ምን ትመልሳላችሁ?
5. በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ሞተር በምን እንደሚበርድ ጠይቃችሁ በሦስት መስመር ጻፉ።